ናይትሬት ብቻውን አይበቃም፦ የአልካሊኒቲ ምርመራ በቤት ውስጥ አኳሪየም የውኃ ጥራት አያያዝ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የቤት ውስጥ አኳሪየም ውኃ መቼና ምን ያህል መለወጥ እንዳለበት የሚወሰነው በአብዛኛው በናይትሬት መጠን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአልካሊኒቲ መጠኑ ዝቅተኛ በሆነ ውኃ ውስጥ ይህ መመዘኛ አሳሳች እንደሚሆን በናይትሪፊኬሽን የታወቀ የኬሚካል ስሌት አማካይነት ያሳያል። በስሌቱ መሠረት የመነሻ አልካሊኒቲው 60 ሚ.ግ. በሊትር የሆነ ውኃ ናይትሬቱ ተቀባይነት ባለው ወሰን ውስጥ ሳለ አሲድን የመቋቋም አቅሙን ሊጨርስ ይችላል። ይህ በሆነበት አኳሪየም ውስጥ የሚደረግ ድንገተኛ የውኃ ለውጥ አሞኒየምን ወደ መርዛማ አሞኒያ የሚቀይርበት መንገድም ተብራርቷል። ጽሑፉ የአዲስ አበባ ከፍታ በሟሟ ኦክስጅን ላይ ያለውን ተጽዕኖ፣ እንዲሁም በገበያ ላይ የሚገኙ የመመርመሪያ ኪቶች የአሠራር ውስንነትን ይዳስሳል።

ቁልፍ ቃላት፦ አኳሪየም፣ አልካሊኒቲ፣ አሞኒያ፣ ናይትሪፊኬሽን፣ የሟሟ ኦክስጅን

መግቢያ

በወንዝም ሆነ በሐይቅ የሚኖር ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቆሻሻ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ በሆነ የውኃ አካል ውስጥ ይበተናል። 100 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን የሚበተንበት ስፍራ የለም። በምግብ መልክ የገባ ናይትሮጅን ሁሉ ወይ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ቅርጹን እየለወጠ በውኃው ውስጥ ይከማቻል፣ ወይ በእጅ ተቀድቶ ይወጣል። አኳሪየም ለውኃ ኬሚስትሪ ትምህርት የሚመች ትንሽ ቤተ ሙከራ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ዓሣ በሚያረቡ ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ለወራት ደህና ሆነው የኖሩ ዓሦች ባለቤቱ አኳሪየሙን በሚገባ አጽድቶ ውኃውን በብዛት በለወጠ ማግስት ያልቃሉ። ጥፋተኛ ተደርጎ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው። ክሎሪን በእርግጥ የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥል ኬሚካል በመሆኑ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ውኃው ለቀናት በሮቶ ውስጥ ተቀምጦ ክሎሪኑ ከተነነ በኋላም፣ ወይም በሶዲየም ታዮሰልፌት ከተወገደ በኋላም ተመሳሳይ ሞት ይከሰታል። ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ሞት ማብራሪያ የሚገኘው በአዲሱ ውኃ ውስጥ ሳይሆን በአሮጌው ውስጥ ነው ብሎ ይህ ጽሑፍ ይከራከራል።

ከምግብ እስከ ናይትሬት

ዓሦች ፕሮቲንን ሲያብላሉ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በዋናነት በስንጥባቸው በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወግዳሉ። የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሰጣሉ። ይህን አሞኒያ በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል።

ሂደቱን የሚያካሂዱትን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ለይቶ ካወጣ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለት ስሞችን ብቻ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ናይትሮሶሞናስና ናይትሮባክተር። የኋለኛው ስም ለአኳሪየም በትክክል አይሠራም። በ1998 የወጣ የሆቫኔክና የባልደረቦቹ ጥናት በጨው አልባ አኳሪየም ማጣሪያዎች ውስጥ ናይትራይትን የሚያቃጥሉት በዋናነት የናይትሮስፒራ ወገን ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አመለከተ። በ2015 ደግሞ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች አሞኒያን ብቻቸውን እስከ ናይትሬት ድረስ የሚያደርሱ የናይትሮስፒራ ዓይነቶች መኖራቸውን አስታወቁ፤ ከእነዚህ ግኝቶች አንዱ የተገኘው ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ ውስጥ ነበር። ይህ ለቤት አኳሪየም ባለቤት የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕዋሳቱ የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን ገጽ ላይ ተጣብቀው ስለሆነ፣ ውኃ መለወጥ ብዙም አይጎዳቸውም፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ አጥቦ ማንጣት ግን ሥራውን ሁሉ ከዜሮ ያስጀምራል። ስፖንጁ መታጠብ ያለበት ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ፣ ያውም ቀለል ተደርጎ ነው።

አዲስ አኳሪየም ይህን የሕዋሳት ማኅበር ለማፍራት በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ አሞኒያ ይወጣና ይወርዳል፤ ናይትራይት ተከትሎት እንዲሁ ይሆናል። ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም ሲገባ ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን ወደማይሸከም ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ደሙም ቡናማ ይሆናል። ናይትራይት በስንጥብ በኩል የሚገባው ክሎራይድ በሚገባበት በር በመሆኑ፣ ጥቂት የገበታ ጨው መጨመር መርዙን ያቃልላል። በአምባዛ እርባታ ላይ የክሎራይዱ መጠን ከናይትራይት ናይትሮጅኑ ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲሆን የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ክሎራይድና ክሎሪን ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አንድ የአሞኒያ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም

የቤት ውስጥ ኪት የሚለካው ጠቅላላ አሞኒያን ነው። ይህ ጠቅላላ መጠን በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለውና የስንጥብን ሽፋን በቀላሉ የሚያልፈው አሞኒያ ሲሆን፣ ሌላው ሙል ያለውና በአንጻራዊነት ጉዳቱ እጅግ ያነሰው አሞኒየም ነው። የሁለቱ ድርሻ የሚወሰነው በፒኤችና በሙቀት መጠን ነው። ኤመርሰንና ባልደረቦቹ በ1975 ባሳተሙት ቀመር ስናሰላ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መርዛማው ድርሻ በፒኤች 6.0 ላይ 0.06 በመቶ ገደማ፣ በ7.0 ላይ 0.56 በመቶ፣ በ7.5 ላይ 1.8 በመቶ፣ በ8.0 ላይ ደግሞ 5.4 በመቶ ይሆናል። ፒኤች በአንድ አሃድ ሲጨምር መርዛማው ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ሙቀትም ይጨምረዋል እንጂ ያን ያህል አይደለም፤ በፒኤች 8.0 ውኃው ከ25 ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ ድርሻው 3.8 በመቶ ይሆናል።

ስለዚህ «አሞኒያው 1 ሚ.ግ. ነው» የሚለው አባባል ፒኤቹ ካልተጠቀሰ ትርጉሙ ግማሽ ነው። በፒኤች 6.5 አሳሳቢ ያልሆነ ቁጥር በ8.2 ገዳይ ሊሆን ይችላል። (የዚህ ዝምድና ጫፍ የሚታየው በስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ነው። ፒኤቹ 10 አካባቢ በሆነው በኬንያው የማጋዲ ሐይቅ የሚኖረው የቲላፒያ ዝርያ ከአብዛኞቹ ዓሦች በተለየ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ ሳይሆን በዩሪያ መልክ ያስወግዳል፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ከአሞኒያው አብዛኛው መርዛማ በሆነ ነበርና።)

አልካሊኒቲ፦ የሚረሳው ልኬት

አልካሊኒቲ ማለት ውኃው የሚጨመርበትን አሲድ ፒኤቹ በእጅጉ ሳይወርድ የመቋቋም አቅሙ ነው። በተለመደው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ይህን አቅም የሚሰጠው በዋናነት ባይካርቦኔት ሲሆን፣ የሚለካው በካልሲየም ካርቦኔት አቻ ሚ.ግ. በሊትር ወይም በጀርመን ዲግሪ ነው፤ 1 የጀርመን ዲግሪ 17.85 ሚ.ግ. በሊትር ነው። በኪቶች ላይ «የካርቦኔት ሀርድነስ» ተብሎ ስለሚጻፍ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ብዛት፣ ማለትም ከውኃው ከባድነት፣ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሁለቱ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ቢሆንም አንድ አይደሉም።

ናይትሪፊኬሽን አሲድ የሚያመነጭ ሂደት ነው። 1 ሚ.ግ. የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲቀየር በንድፈ ሐሳብ 4.57 ሚ.ግ. ኦክስጅን ይወስዳል፣ 7.14 ሚ.ግ. አልካሊኒቲ ያጠፋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያረፈው በዚህ ሁለተኛ ቁጥር ላይ ነው። 1 ሚ.ግ. የናይትሬት ናይትሮጅን 4.43 ሚ.ግ. ናይትሬት እንደመሆኑ፣ አኳሪየሙ ውስጥ ለተከማቸ እያንዳንዱ 1 ሚ.ግ. ናይትሬት 1.61 ሚ.ግ. አልካሊኒቲ ተከፍሎበታል። እንግዲህ ብዙ መመሪያዎች እንደ ወሰን የሚያስቀምጡት 40 ሚ.ግ. በሊትር ናይትሬት እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው፣ ሳያውቀው 64 ሚ.ግ. በሊትር አልካሊኒቲ አውጥቷል። የመነሻ ውኃው 200 ሚ.ግ. በሊትር ከነበረው ይህ ወጪ አይሰማውም። 60 ብቻ ከነበረው ግን ካዝናው ባዶ ነው፤ ናይትሬቱ ገና 37 ላይ ሳለ።

ይህ ዝምድና በዓሣው ብዛትም ሆነ በምግቡ መጠን አይለወጥም። እነዚህ የሚወስኑት ፍጥነቱን ነው። ለምሳሌ 100 ሊትር ውኃ የያዘ አኳሪየም በቀን 1 ግራም ደረቅ ምግብ ያገኛል እንበል። ምግቡ 40 በመቶ ፕሮቲን፣ ፕሮቲኑ 16 በመቶ ናይትሮጅን ቢሆንና ከናይትሮጅኑ 60 በመቶው አሞኒያ ሆኖ ወደ ውኃው ቢወጣ፣ በቀን 0.38 ሚ.ግ. በሊትር ናይትሮጅን ይጨመራል። ይህም በቀን 2.7፣ በሳምንት ደግሞ 19.2 ሚ.ግ. በሊትር አልካሊኒቲ ያጠፋል። ምንም ውኃ ካልተለወጠ 60 የነበረው አቅም በሦስት ሳምንት ገደማ ያልቃል።

የበለጠ ትኩረት የሚስበው ግን ውኃ እየተለወጠም ምን እንደሚሆን ነው። በየሳምንቱ 25 በመቶ መለወጥ በብዙዎች ዘንድ ጥሩ ልማድ ተደርጎ ይታያል። በምሳሌያችን ላይ የቧንቧ ውኃው አልካሊኒቲ 60 ከሆነ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ፣ ከለውጡ በፊት፣ የሚቀረው መጠን በቅደም ተከተል 40.8፣ 26.4፣ 15.6፣ 7.5፣ 1.4 ይሆናል፤ በስድስተኛው ሳምንት ውስጥ ያልቃል። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ናይትሬቱ 36 ሚ.ግ. በሊትር ገደማ ነው። ናይትሬትን ብቻ የሚመረምር ሰው ሁሉ ነገር በወሰኑ ውስጥ እንዳለ ይመዘግባል። በዚህ የምግብ መጠን አልካሊኒቲው ከዜሮ በላይ እንዲረጋ በየሳምንቱ ከ32 በመቶ በላይ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በ50 በመቶ ሲለወጥ 21.6 ላይ ይረጋል። የቧንቧው ውኃ 200 ቢሆን ኖሮ ያው 25 በመቶ ለውጥ አልካሊኒቲውን 123 ላይ ያረጋው ነበር።

ስሌቱ ቀለል ተደርጎ የተሠራ መሆኑ መጠቀስ አለበት። በለምለም የውኃ ተክሎች የተሞላ አኳሪየም ናይትሬቱን ሲመገብ ከወጣው አልካሊኒቲ የተወሰነውን ይመልሳል። ኦክስጅን በማይደርስበት የአሸዋ ሥር ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ሲቀየርም ግማሽ ያህሉ ይመለሳል። የኖራ ድንጋይ ወይም የኮራል ስባሪ ያለበት ጠጠርም ቀስ በቀስ ይሟሟል። በአንጻሩ አልካሊኒቲው እያነሰ ሲሄድና ፒኤቹ ከ6 በታች ሲወርድ ናይትሪፊኬሽኑ ራሱ ይዳከማል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በእውነተኛ አኳሪየም ውስጥ እንደ ስሌቱ ቀጥ ብሎ ዜሮን አይመታም። ችግሩም የሚጀምረው በትክክል እዚህ ላይ ነው። ሕዋሳቱ ሥራ ሲያቆሙ አሞኒያው መከማቸት ይጀምራል፤ ነገር ግን ፒኤቹ ዝቅተኛ በመሆኑ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል። ዓሦቹ ይዋኛሉ፣ ይመገባሉ። ቀስ በቀስ የመጣውን አሲዳማነት በመጠኑ ለምደውታል።

የማጽዳቱ ቀን የሚመጣው በዚህ መሐል ነው። ፒኤቹ 6.0፣ ጠቅላላ አሞኒያው 4 ሚ.ግ. በሊትር ናይትሮጅን በሆነ አኳሪየም ውስጥ መርዛማው አሞኒያ 0.002 ሚ.ግ. በሊትር ብቻ ነው። ባለቤቱ ግማሹን ውኃ ፒኤቹ 8 አካባቢ በሆነ ንጹሕ ውኃ ለወጠው፤ ፒኤቹም ወደ 7.6 ወጣ እንበል። ጠቅላላ አሞኒያው በግማሽ ቀንሶ 2 ሆኗል፤ መርዛማው ግን 0.044 ደርሷል፤ ሃያ እጥፍ ገደማ። ለረጅም ጊዜ እንደ ጥንቃቄ ወሰን ሲጠቀስ የኖረው 0.02 ሚ.ግ. በሊትር ከእጥፍ በላይ ታልፏል፤ በዚህ ላይ የፒኤቹ ዝላይ በራሱ የሚያስከትለው ጭንቀት ይጨመርበታል። አዲሱ ውኃ ምንም መርዝ አላመጣም። የተኛውን ቀሰቀሰ እንጂ።

የአዲስ አበባ ውኃና ከፍታ

አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የተጣራ የወለል ውኃ፣ ከአቃቂና ከሌሎች የጉድጓድ መስኮችም የከርሰ ምድር ውኃ ትጠቀማለች። ከዐለት ጋር ለረጅም ጊዜ ተነካክቶ የቆየ የከርሰ ምድር ውኃ ከዝናብ ከተጠራቀመ የወለል ውኃ ይልቅ በአጠቃላይ ብዙ ባይካርቦኔት ይይዛል። ከላይ 60 እና 200 ተብለው የተወሰዱት ቁጥሮች ይህን ልዩነት ለማሳየት የተመረጡ ግምቶች እንጂ የማንኛውም ሰፈር ልኬቶች አይደሉም። ለተመራማሪው ቁም ነገሩ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ በተለያየ ጊዜ፣ የመነሻው ውኃ አንድ ዓይነት ነው ብሎ መነሳት አለመቻሉ ነው። አኳሪየሙ ከመመርመሩ በፊት የቧንቧው ውኃ ይመርመር፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን።

ከፍታው ሌላ ገደብ ያመጣል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሙሌት ጊዜ 8.3 ሚ.ግ. በሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ በሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ያው ውኃ የሚይዘው 6.2 ሚ.ግ. በሊትር ገደማ ነው። ማሞቂያው ወደ 28 ዲግሪ ከፍ ቢደረግ ከ6 በታች ይወርዳል። ለሞቃት ውኃ ዓሦች በተለምዶ የሚፈለገውን 5 ሚ.ግ. በሊትር እንደ ወሰን ከወሰድን፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነዋሪ ከ3 ሚ.ግ. የሚበልጥ መጠባበቂያ ሲኖረው የአዲስ አበባው ያለው ከ1 ሚ.ግ. ብዙም አይዘልም። ከዚህ መጠባበቂያ ላይ ዓሦቹም ሕዋሳቱም ይካፈላሉ። «ለአንድ ኢንች ዓሣ አንድ ጋሎን» የሚለው ከውጭ የመጣ ሕግ በተወለደበት አገር እንኳ ሻካራ ግምት ነው፤ በደጋ ላይ እንዳለ መወሰዱ ተገቢ አይመስለኝም።

በመቶኛ የሚያነብ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ረገድ ሊያዘናጋ ይችላል። መለኪያው 100 በመቶ ሲል ውኃው በዚያ ስፍራ ግፊት ሊይዝ የሚችለውን ያህል ይዟል ማለቱ ነው እንጂ ለዓሣው በቂ ነው ማለቱ አይደለም። ሚ.ግ. በሊትር የሚነበበው ቁጥርም መለኪያው ከፍታው ወይም ግፊቱ ሳይነገረው ከተስተካከለ ከእውነታው ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጉዳዩ ከወረቀት ይወጣል፤ ፓምፑ በቆመ ቁጥር በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀድሞ ያልቃል፤ ሕዋሳቱም ከዓሦቹ በፊት ይጎዳሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ውድ የውኃ ማስተካከያ ፈሳሽ ይልቅ ይጠቅማል።

ኪቱ ምን ያህል ይታመናል?

የጠብታ ኪቶች የሚሠሩት በተለመዱ የቀለም ኬሚስትሪ ዘዴዎች ነው። አሞኒያ በሳሊሲሌት ዘዴ አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል፤ ናይትራይት ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሚታወቀው የግሪስ ዘዴ ሮዝ ቀለም ያወጣል። የቆየው የኔስለር ብጥብጥ ሜርኩሪ ስላለው ከተመረመረ በኋላ በቧንቧ መውረጃ መደፋት የለበትም። የናይትሬት ምርመራ ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት መመለስን ይጠይቃል፤ ለዚህ የሚያገለግለው የብረት ዱቄት በጠርሙሱ ግርጌ ስለሚዘቅጥ፣ በሚገባ ያልተናወጠ ጠርሙስ ናይትሬት የሌለ ያስመስላል። ውኃው ውስጥ ቀድሞ ናይትራይት ካለም ውጤቱ ከእውነታው ይበልጣል።

ለጉዳያችን ከሁሉ የሚከፋው ውስንነት የፒኤች ኪቱ ነው። በስፋት የሚሠራበት ብሮሞታይሞል ሰማያዊ የተባለው ቀለም የሚለየው በ6.0 እና በ7.6 መካከል ያለውን ነው። ከ6.0 በታች ያለ ውኃ ሁሉ ያው ቢጫ ነው። ፒኤቹ 6.0 የሆነና 5.2 የሆነ አኳሪየም በብልቃጡ ውስጥ አይለያዩም። ማለትም የውኃው አቅም ተሟጦ አደጋው በሚበረታበት ክልል ውስጥ ኪቱ ዕውር ነው። የአልካሊኒቲ ኪት ግን ቀለም የሚለወጥበትን ጠብታ በመቁጠር የሚሠራ ቀላል ቲትሬሽን በመሆኑ በዝቅተኛው ክልልም ይናገራል። ብዙዎቹ ኪቶች በ5 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ አንድ ጠብታን እንደ 1 የጀርመን ዲግሪ ይቆጥራሉ፤ ናሙናውን 10 ሚሊ ሊትር ማድረግ የልኬቱን እርከን ወደ 9 ሚ.ግ. በሊትር ገደማ ያጠበዋል። ለቆየ አኳሪየም አንድ ኪት ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ይህን እመርጥለታለሁ፤ ለአዲስ አኳሪየም ግን ምርጫው አሞኒያ ነው።

አሃዶቹም ያጣላሉ። አንዱ ኪት ናይትሬትን፣ ሌላው የናይትሬት ናይትሮጅንን ይሰጣል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 4.43 እጥፍ ነው። ለናይትራይት 3.28፣ ለአሞኒየም 1.29 ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር አሃዱ ሳይገለጽ «ናይትሬት 10» ተብሎ ሲጻፍ መታየቱ ያሳዝናል። ቤተ ሙከራ ለሚገባ ተማሪ ኪቱን መፈተሽ ቀላል ነው፤ 3.819 ግራም ደረቅ አሞኒየም ክሎራይድ ወይም 7.218 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በዲስቲልድ ውኃ ሟሙቶ 1 ሊትር ሲሞላ በሊትር 1,000 ሚ.ግ. ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ከዚያ የሚፈለገውን ያህል ማቅጠን ነው። ቀለሙ በቀን ብርሃን፣ ሁልጊዜም በአንድ ሰው ቢነበብ ይመረጣል። ተክል ባለበት አኳሪየም ፒኤች ከንጋት እስከ አመሻሽ ስለሚወጣ የናሙናው ሰዓት ከውጤቱ ጋር ይመዝገብ።

የተዳከመን አኳሪየም መመለስ

ጤናማ ለሆነ ነገር ግን አልካሊኒቲው ዝቅተኛ ለሆነ አኳሪየም መፍትሔው ርካሽ ነው። 100 ሊትር ውኃን በ30 ሚ.ግ. በሊትር ከፍ ለማድረግ 5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ቤኪንግ ሶዳ፣ ይበቃል፤ ቀድሞ በውኃ ተበጥብጦ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ተከፋፍሎ ይጨመራል። ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት በመሆኑ አይተካውም። ዘላቂ መፍትሔ ለሚሻ በማጣሪያው ውስጥ በከረጢት የተቀመጠ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ብሎ ኖራው አይደለም፤ የተቃጠለ ኖራ ፒኤቹን በአንድ ጊዜ አስፈንጥሮ ዓሦቹን ይጨርሳል።

ፒኤቹ ከወደቀና አሞኒየም ከተከማቸ በኋላ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሶዳው መጀመሪያ የሚመጣ ሳይሆን መጨረሻ የሚመጣ ነው። ምግብ ይቁም፤ በአነስተኛ መጠን ለተወሰኑ ቀናት የሚመገብ ጤናማ ዓሣ በዚህ አይጎዳም። በየቀኑ 10 በመቶ ያህል ውኃ ክሎሪኑ ከተወገደና ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ቀስ ተብሎ ይለወጥ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና አንድ ሰዓት ቆይቶ ጠቅላላ አሞኒያና ፒኤች ተለክተው መርዛማው ድርሻ ይሰላ። ድርሻው 0.02 ሚ.ግ. በሊትርን ከተጠጋ የዚያ ዕለት ለውጥ ይቁምና አየር ማስገቢያው ይጠናከር። ጠቅላላ አሞኒያው ከ0.5 ሚ.ግ. በሊትር በታች ሲወርድ አልካሊኒቲውን በቀን ከ10 ሚ.ግ. በሊትር ባልበለጠ እርከን ማሳደግ ይጀመራል። ሕዋሳቱ ሥራቸውን መልሰው እስኪይዙ ድረስ ናይትራይት ለጥቂት ቀናት ብቅ ሊል ስለሚችል፣ በዚህ ወቅት የናይትራይቱ ኪትና አንድ ማንኪያ ጨው ከአጠገብ አይራቁ።